ኳሷን ያየ ዓይን፦ ከሶደርቴልየ እስከ ዊምብልደን

ረቡዕ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. — ስቶክሆልምና ሶደርቴልየ

ጋሼ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉልኝ በግንቦት መጨረሻ ነበር። "ልጄ ለንደን ትወስደኛለች። ሰኔ 28 ዊምብልደን እንገናኝ፤ እዚያ ላለው ወንድምህም ንገረው" አሉኝ። ለምን ሰኔ 28 እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሰኔ 28 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5፣ 1980፣ አሜሪካዊው ጆን ማክኤንሮና ስዊድናዊው ቢዮን ቦርግ የዊምብልደንን የቴኒስ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ ጋሼ በአጭር ሞገድ ራዲዮ እየሰሙ ለእኛ ለኳስ አቀባዮቻቸው ይተረጉሙልን ነበር። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ዘንድሮም ሰኔ 28 ቅዳሜ ይውላል።

የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ አፈር የለበሰ አንድ የቴኒስ ሜዳ ነበር፤ ዲፕሎማቶች፣ ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ይጫወቱበታል። እኛ ኳስ እንለቅማለን፣ ሲመሽ ሜዳውን እንጠርጋለን፣ ጧት ጧት መስመሩን በኖራ እናሰምራለን። ጋሼ አሠልጣኛችንም አለቃችንም ነበሩ። እኔ ግራኝ ነኝ። ቤት በግራ እጄ እንጀራ ስቆርስ እጄን የሚመቱኝ ብዙ ነበሩ፤ ጋሼም መጀመሪያ ራኬቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውረውብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደውን መጽሔት ገልጠው ፎቶ አሳዩኝ። ፀጉሩ የተንጨበረረ ወጣት፣ ግንባሩን በቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ጀርባውን ለመረቡ ሰጥቶ ኳስ ሊያነሳ ነው። "ይሄም እንዳንተ ግራኝ ነው። በል፣ ራኬቱን ወደ ግራህ መልሰው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማክኤንሮ ሰው ነኝ።

ጓደኛዬ ደግሞ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ፊቱ ስለማይለወጥ ቦርግ የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ የለንደን ነዋሪና የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ለእኛ ግን አሁንም ቦርግ ነው። ከእውነተኛው ለመለየት የእኛ ቦርግ እለዋለሁ።

ስቶክሆልም ስለምኖር ለንደን በአውሮፕላን ቅርቤ ነው። ባቡር የመረጥኩት የሁለቱንም ሰዎች መነሻ ረግጬ ሜዳው ልድረስ ብዬ ነው። ቦርግ ያደገው እዚሁ አጠገቤ፣ ሶደርቴልየ ነው። ማክኤንሮ ደግሞ በኒው ዮርክ ልጅነቱ ቢታወቅም የተወለደው ጀርመን አገር፣ ቪስባደን ከተማ ነው።

ሻንጣዬን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ግን ሊዲንገቬገን ወደሚገኘው ወደ ንጉሣዊው የቴኒስ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከውስጥ የኳስ ድምፅ ይሰማል። በ1984 (ዓ.ም. ያላልኩበትን ዓመት በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በስቶክሆልም ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ከስዊድናዊው አንደርሽ ያሪድ ጋር ሲጫወት፣ ማክኤንሮ ዳኛው ላይ ጮኾ፣ የመጠጥ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ በራኬቱ የመታው እዚህ ውስጥ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ቴኒስ ያየ አንድ ስዊድናዊ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ያን ቀን ተመልካቾች መሃል ተቀምጦ ነበር። ከጩኸቱ ይበልጥ የሚያስታውሰው የሕዝቡን ዝምታ ነው። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ጉልበቱን አየ፣ እንዳፈረ እንግዳ፣ ይለኝ ነበር። ማክኤንሮ ጨዋታውን አሸነፈ፣ ውድድሩንም አሸነፈ፤ ከዚያ ለ21 ቀን ታገደ። ያ ዓመት 82 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ብቻ የተሸነፈበት ነው፤ ከዚያ በላይ የተጫወተ ሰው አላየሁም። ትሪውን መምታቱ ግን አስቀያሚ ነበር። እወደዋለሁ ብዬ ያን አላስተባብልለትም።

ከቀትር በኋላ ሶደርቴልየ ገባሁ። ዛሬ ከተማዋ በከባድ መኪና ፋብሪካዋና ከሶርያ፣ ከቱርክ፣ ከኢራቅ በመጡ ክርስቲያኖቿ ትታወቃለች። ከአንድ የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ተሳለምኩ፤ እህት ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ከዚያ ተራ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ዝም ብዬ ተራመድኩ። የቦርግ አባት በጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር የተሸለሙትን ራኬት ለልጃቸው ሰጡት፤ ልጁም ከጋራዥ በር ጋር ሲጫወት ዋለ፣ አደረ። የትኛው በር እንደሆነ አልፈለግኩም። የጋራዥ በር ባየሁ ቁጥር ግን ኳስ ሲያርፍበት ይሰማኝ ነበር።

ስለ ቦርግ ካወቅኩት ሁሉ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር አለ። እኛ በረዶ ሆኖ የተወለደ ነበር የሚመስለን። እሱ ራሱ እንደተናገረው ግን ልጅ ሳለ ራኬት የሚወረውር፣ የሚሳደብ ነበር። ክለቡ አገደው፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አፉን አልከፈተም። ስለዚህ ያ የተደነቀ ዝምታ የታገደ ልጅ ዝምታ ነበር። ይህን የምረዳበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ዓርብ እመለስበታለሁ።

ማታ የሐምቡርግን ባቡር ተሳፈርኩ። ከላዬ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ያንኮራፋል፤ እኔ ግን እንቅልፌ የጠፋው በሌላ ነገር ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26 — ቪስባደን

ሐምቡርግ ሌሊቱ ሲነጋ ደረስን። ቀጣዩ ባቡር ዘገየ፣ ከሱ የሚቀጥለው አመለጠኝ፤ ቪስባደን የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

እዚህ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። የማክኤንሮ አባት የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ልጁ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1959 ተወለደ፣ ገና ሕፃን ሳለም ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በኋላ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ደግላስተን የሚባል ሰፈር ኖረ። ከተማዋ የፍል ውኃ ከተማ ናት። ኮኽብሩነን ከሚባለው ምንጭ በመዳፌ ቀመስኩ፤ ይፋጃል፣ ጨው ጨው ይላል፣ የብረት ጣዕምም አለው። ፍልውኃን አስታወሰኝ፤ ኮረንቲ ከመሰለው የሕይወታችን ሩጫ በፊት፣ ልጆች ሳለን እሑድ እሑድ የምንታጠብበትን። አንዲት አሮጊት "ለሆድ መድኃኒት ነው" አሉኝና ደግመው እስክጠጣ ጠበቁኝ።

ከዚህ በላይ ስለ ቪስባደን የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 27 — ብራስልስ፣ ከዚያ ለንደን

ብራስልስ ላይ ሦስት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ነበረኝ። ፓሪስ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው፤ ጉዞውን ሳሰናዳ አንድ ቀን ልጨምርና የፈረንሳይን ትልቅ የቴኒስ ሜዳ ሮላን ጋሮስን ልየው ብዬ ነበር። ተውኩት። በ1984 እዚያ በፍጻሜው ማክኤንሮ ኢቫን ሌንድልን 2 ለ 0 ዙር እየመራ ነበር። ከዚያ በሜዳው ዳር ከቆመ አንድ ካሜራ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ሲሰማ፣ ሄዶ ማዳመጫውን ያዘና ጮኸበት። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ቀስ በቀስ እጁ ከዳው፤ ሦስቱን ዙሮች አከታትሎ ተሸነፈ። ሌንድል የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫውን አነሳ፣ ማክኤንሮ ግን ፓሪስን በነጠላ ሳያሸንፍ ቀረ። እስከ ዛሬ እንደሚቆጨው ደጋግሞ ተናግሯል። እኔንም ይቆጨኛል። ንዴቱ ሌላ ቀን ነዳጅ ይሆነው ነበር፤ ያን ቀን ግን ቤቱን አቃጠለው።

ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ሲገባ መስኮቱ ጠቆረ። ዛሬ ሰኔ 27 ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4፣ 1981 ማክኤንሮ ቦርግን በአራት ዙር ያሸነፈበት ቀን። ቦርግ ዊምብልደን ላይ 41 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ቆመ። የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ዋንጫ በእንጨት ራኬት ያነሳ የመጨረሻው ሰውም የዚያን ቀኑ ማክኤንሮ ነው። ያ የእንጨት ራኬት ድምፁ ለብቻው ነበር፤ ጥሩ የተመታች ኳስ "ጧ" ሳይሆን "ዱም" ትላለች። ዛሬ ሁሉም "ጧ" ነው።

ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ የእኛ ቦርግ ቆሞ ጠበቀኝ። ሳመኝ፣ ሻንጣዬን ነጠቀኝ፣ ቤቱ እስክንደርስ ምንም አልተናገረም። ጋሼ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ግራ እጄን ይዘው መዳፌን ገለጡና "አሁንም ትጫወታለህ" አሉ። ጠርዙ ላይ ያለውን የደደረ ቆዳ አይተው ነው።

የሰኔ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ቀረበ። እንጀራው ሳያልቅ ክርክሩ ጀመረ፤ አርባ አምስት ዓመት የቆየ ክርክር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ የእኛ ቦርግ። "ማክኤንሮ የሚጮኽበት፣ መስመር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ሽማግሌ ነው፤ ጨዋታውን ወዶ የመጣ ነው። በሕዝብ ፊት እንዲያ ማዋረድ ምን ይባላል? አባትህ ቢሆኑስ?"

መልስ የለኝም፤ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አነሳሁ። ማክኤንሮ ከቦርግ ጋር ሲጫወት አይጮህም ነበር። ራሱ እንደሚተርከው በ1979 ኒው ኦርሊንስ ላይ ሲጋጠሙ መቆጣት ሲጀምር፣ ቦርግ ወደ መረቡ ጠራውና ተረጋጋ፣ ጥሩ ጨዋታ እኮ ነው አለው። ከዚያ ወዲህ በቦርግ ፊት ራሱን ገዛ። በ1980 ፍጻሜ ወደ ሜዳ ሲገባ ሕዝቡ ጮኾበት ነበር፤ ከጂሚ ኮነርስ ጋር ያደረገው ግማሽ ፍጻሜ ጭቅጭቅ የሞላበት ስለነበር። ከ3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ በኋላ ያው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

"ስለዚህ መቻል ይችል ነበር ማለት ነው" አለ የእኛ ቦርግ። "ይብሳል።"

"ለሚያከብረው ሰው ይችል ነበር" አልኩት።

"የመስመሩ ዳኛስ ክብር የለውም?"

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። "ሁለታችሁም ስለ አፉ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ የማስበው ስለ አንድ ሚሊዮን ዶላሩ ነው።" በ1980፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰን ሲቲ በሚባለው መዝናኛ ከቦርግ ጋር ለአንድ ግጥሚያ 1 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋጅቶለት አልሄድም አለ። "ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በኋላ በአገሮች ውድድር፣ በዴቪስ ካፕ፣ አለቃው የሆነው ጥቁሩ አሜሪካዊ አርተር አሽ ነው፤ ያ ጨዋ ሰው በዚህ ልጅ አፍ ስንት ጊዜ ተሰቃይቷል። ግን ለአገሩ ተጫወት ሲባል እምቢ የማይል ልጅ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሌላው ሲደክመው እሱ ይመጣል።" እውነት ነው፤ ከአገሩ ጋር ዴቪስ ካፕን 5 ጊዜ ወስዷል። በ1982 ሴንት ሉዊስ ላይ ከስዊድናዊው ማትስ ቪላንደር ጋር ለአገሩ 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ቆሞ ያሸነፈው እሱ ነው።

የእኛ ቦርግም በተራው ሳይጠበቅ አንድ ነገር አስታወሰ። በ2006 ቦርግ ገንዘብ ቸግሮት አምስቱን የዊምብልደን ዋንጫዎቹን ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ደውለው ካስቆሙት ሰዎች አንዱ ማክኤንሮ ነበር። "እኔ ያኔ ነው ያፈቀርኩት" አለ፤ ይህን ከአፉ ለመስማት አርባ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ እስካሁን ቂም ይዘህብኛል?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ኳስ አቀባይ ዓይን እንጂ አፍ የለውም። በ1974 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ አንደኛው የመታት ኳስ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወጣች። ገብታለች አለ። ተጋጣሚው አንገቱን ደፋ፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ሰው ሌላ ነገር እንደሚያይ ሆነ። እኔ መስመሩ ላይ ነበርኩ፤ ኖራውን በዚያው ጧት ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ማክኤንሮ ምን እንዳደረገ ሰምቼ ነበርና አፌ ከእኔ ቀደመ። "ወጥታለች!" ብዬ ጮኽኩ። ጋሼ ከዳር መጥተው በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ አጮሉኝ፤ ሁለት ሳምንት እንዳትደርስ ብለውም አባረሩኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ የኳስ ድምፅ ሰማሁ። ተመልሼ ስገባ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም፤ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ።

"ያ ሰውዬ ማታ ተመልሶ መጣ" አሉ ጋሼ። "'ያ ልጅ የማን ነው?' አለኝ። በዚያ ዘመን ይህች ጥያቄ ምን እንደነበረች ታውቃለህ። 'ከሰፈር የመጣ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው፤ አባርሬዋለሁ፣ አይመለስም' አልኩት። ስመታህ አይቶ ስለነበር አመነኝ።"

ማንም አልተናገረም። የእኛ ቦርግ ባለቤት ውኃ ቀድታ ፊታቸው አስቀመጠች።

"ኳሷስ?" አልኩ በመጨረሻ።

"ወጥታ ነበር" አሉ። "እኔም አይቻታለሁ።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28 — ዊምብልደን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሳውዝፊልድስ ባቡር ጣቢያ ወጥተን በእግር ሄድን። የዊምብልደን ሰልፍ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛፎችና ሣር ያለበት ሰፊ መናፈሻ፣ ድንኳን ተክለው ያደሩ ሰዎች በረድፍ። ስትደርስ ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጥሃል፤ ካርዱን የያዘ ቦታው የሱ ነው። ጋሼ ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ካርዳቸውን ደጋግመው አዩት። "በቀበሌ ሱቅ ጊዜ ድንጋይ ነበር የምናስቀምጠው" አሉ። ስኳር ወይም ዘይት መጣ ሲባል ሌሊት ሄደህ ድንጋይህን ትደረድራለህ፤ ጧት እያንዳንዱ ድንጋዩን ያውቀዋል። አጠገባችን የነበሩ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ይህን ስተረጉምላቸው በጣም ደስ አላቸው። ታላቅየው በ1980 ለዚያ ፍጻሜ ከአባቱ ጋር ቆሞ ተሰልፎ፣ ሳይደርሰው ቀርቶ በአንድ ሱቅ መስኮት ቴሌቪዥን ያየ ሰው ነው። እኛም ዳቦ ቆሏችንንና ሻያችንን አካፈልን፤ ታሪክም ተለዋወጥን።

የራዲዮውን ነገር ነገርኩት። ጋሼ ባትሪ ድንጋዮቹን ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ማክኤንሮ 6 ለ 1 ወሰደ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ቦርግ። በአራተኛው ዙር መጨረሻ ያ ታይ ብሬክ፣ እኩል የሆኑበትን ዙር የሚለየው የነጥብ ፉክክር፣ መጣ። ጨለመ፣ የጋሼን ፊት ማየት አቃተን፤ ድምፃቸውን ብቻ እንሰማለን፦ "ቦርግ ዋንጫውን ሊወስድ አንዲት ነጥብ ቀረችው... አልወሰደም። አሁንም አንዲት ቀረችው... አልወሰደም።" ማክኤንሮ በዚያ ታይ ብሬክ ብቻ አምስት ጊዜ ከሞት ተረፈ። 34 ነጥብ፣ 20 ደቂቃ ያህል፤ 18 ለ 16 አሸነፈ። እኔ ዘልዬ የእኛን ቦርግ አቀፍኩት፤ እሱ እንደ ግንድ ቆመ። በአምስተኛው ዙር ራዲዮው እየደከመ ሄደ፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ፣ ጠፋ። ማን እንዳሸነፈ ሳናውቅ እሑድን ዋልን። ሰኞ አንድ የኤምባሲ ሰው ለመጫወት ሲመጣ ነገረን፦ 8 ለ 6፣ ቦርግ፣ ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ማርሽ ቀይሮ ሁለት ወርቅ ሲወስድ ነው የተጽናናሁት።

እንግሊዛዊው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሰማኝ። "ሁላችንም ያን ቀን ሌላ ሰው ሆነናል" አለኝ።

ከቀትር በፊት ገባን። የማዕከላዊው ሜዳ ትኬት አልደረሰንም፤ እኔ ግን ቀድሞ ያሰብኩት ሌላ ቦታ ነው። በ1981 ማክኤንሮ ያን የታወቀ ጩኸት የጮኸው በማዕከላዊው ሜዳ ሳይሆን ቁጥር 1 በሚባለው ሜዳ፣ ከቶም ገሊክሰን ጋር ባደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ነው። ማስጀመሪያ ምቱ ወጥቷል ተባለ፤ እሱ ኖራው ሲበንን አይቻለሁ አለ። "ዩ ካኖት ቢ ሲሪየስ!" የሚለውን ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ ላይ ሦስታችን ዓመታት ተከራክረናል። የእኛ ቦርግ "ትቀልዳለህ እንዴ!" ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም፤ ማክኤንሮ እየጠየቀ አይደለም፣ እየፈረደ ነው። "ይህን የምርህን ልትለው አትችልም!" የሚለው ይቀርበዋል፤ ግን በአማርኛ ረዘመ፣ ጥይትነቱን አጣ።

ቁጥር 1 ሜዳን አገኘነውና ጋሼ ዙሪያውን አይተው "ይሄ አዲስ ነው" አሉ። ልክ ነበሩ። አንድ አዛውንት የበር ተቆጣጣሪ አስረዱን፦ የአሁኑ የተከፈተው በ1997 ነው፤ የጥንቱ ቁጥር 1 ከማዕከላዊው ሜዳ ጎን ተጣብቆ ነበር፣ ፈርሶ በቦታው የተጫዋቾች ሕንፃ ተሠርቶበታል። ሄደን ከሕንፃው ፊት ቆምን። መስታወት፣ አበባ፣ የሚገቡ የሚወጡ ሰዎች። ሣሩ የለም፣ መስመሩ የለም፣ ወንበሩ የለም። በዓለም ሁሉ የተሰማ ጩኸት የተጮኸበት ቦታ ላይ ምልክት እንኳ አላየሁም። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ ያወቁም አይመስለኝም።

ከዚያ ዳር ካሉት ትንንሽ ሜዳዎች በአንዱ ተቀመጥን፤ መስመሩ ከእግራችን አምስት ሜትር ነው። እዚያ ነው ነገሩ የታየኝ። ከመስመሩ ጀርባ ማንም የለም። ዘንድሮ ዊምብልደን የመስመር ዳኞችን አስቀርቷል፤ በ1877 ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኳስ ስትወጣ የተቀዳ የሰው ድምፅ ከድምፅ ማጉያ "ወጥታለች" ይላል። ተጫዋቹ ኳሷን ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ይቀጥላል። የሚጨቃጨቁት ሰው የለም።

እኔ ይህ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት። ማክኤንሮ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀው ይህን አይደለም? ኳሷ የት እንዳረፈች የሚያይ ዓይን። የእኛ ቦርግ ግን ኳስ አቀባዮቹን ነበር የሚያየው። ልጆች ናቸው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ከኋላ አድርገው፣ መስመሩ ላይ አፍጥጠዋል። "እነሱ ያዩታል" አለ በቀስታ። "ማሽኑ ከመናገሩ በፊት ያዩታል። ፊታቸውን ተመልከት።" ተመለከትን። አንዲት ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኳስ ስትወጣ ቅንድቧ ትንሽ ይነሳል። ከዚያ ድምፁ ይመጣል። በጨዋታው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። ጋሼ ከእሷ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ወደ ማታ ኮረብታው ላይ ሣር ላይ ተቀምጠን በትልቁ ስክሪን ሰርቢያዊው ጆኮቪች የአገሩን ልጅ ኬችማኖቪችን አሸንፎ ዊምብልደን ላይ መቶኛ ድሉን ሲያስመዘግብ አየን። ጋሼ እንጆሪ ገዙ፤ ጾም ስለሆነ ያለ ክሬም። ጣፋጭ ነው አሉና ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ በግራ እጄ።

እሑድ፣ ሰኔ 29 — ለንደን

ከቅዳሴ መልስ የእኛ ቦርግ ቤት ቡና ተፈላ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከፍተዋል፣ ጋሼ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነገ ጧት እመለሳለሁ፤ ጋሼ ማክሰኞ። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ የማዕከላዊው ሜዳ ጨዋታ ቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ እንግሊዛዊቷ ሶናይ ካርታል ከሩሲያዊቷ አናስታሲያ ፓቭሊዩቼንኮቫ።

በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዳቸው 4 ጌም ወስደዋል፤ ፓቭሊዩቼንኮቫ ጌሙን ልትወስድ አንዲት ነጥብ ቀርቷታል። ካርታል መታች፤ ኳሷ ከኋላ መስመሩ አልፋ አረፈች። በቴሌቪዥን ይታያል። ድምፅ ግን የለም። ፓቭሊዩቼንኮቫ ቆመች፣ ዳኛውን አየች። ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ በስልክ ተነጋገረ፤ ማሽኑ ስላላየው ነጥቡ ይደገም አለ። ተደገመ፣ ጌሙንም አጣች። ጌሙን ወሰዳችሁብኝ ስትል ተሰማች። በኋላ አገግማ ጨዋታውን በሁለት ዙር አሸነፈች። ክለቡም ይቅርታ ጠየቀ፤ ለካ አንድ ሰው ማሽኑን በስሕተት አጥፍቶት ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ቆይተን ነው። በዚያች ቅጽበት፣ ኳሷ ባረፈችበትና ዝምታ በሆነበት ቅጽበት፣ ሳሎኑ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጋሼ ከሶፋው ተነሱ። ሰማንያ ዓመታቸው፣ በታመመው ጉልበታቸው፣ ስኒው ከእጃቸው ወድቆ ቡናው ቄጠማው ላይ ፈሰሰ።

"ወጥታለች!" ብለው ጮኹ። ልጆቹ ደነገጡ። የእኛ ቦርግ፣ ያ ፊቱ የማይለወጠው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጣታቸው አሁንም ወደ ቴሌቪዥኑ ነው።

"ወጥታለች እኮ! አንተ አላየሃትም?"

"አይቻታለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።